ከውስጥ የሚንኳኳ በር

ጆሮ ክፉ ነው፤ ያልላኩትን ያመጣል። ካውያ የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ማድ ቤት የሄደችው ሻይ ልትጥድ እንጂ የሰው ወሬ ልትለቅም አልነበረም። ጫማ ሳታደርግ ስለተነሳች ኮቴዋ አልተሰማም። ባሏ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ አንድ እጁን ቧንቧው ላይ አሳርፎ ከእህቱ ጋር በስልክ ያወራል። «ማታ ስመለስ ካርቶን ይዤ እመጣለሁ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባባ ራት ላይ ሲቀመጥ እንሽላሊቶቹን ቀስ ብዬ አወጣና ከመጨረሻው ፌርማታ ማዶ ያለው ሜዳ ላይ እለቃቸዋለሁ። ድመቶቹ በሏቸው እንለዋለን። ሁለት ቀን ያዝናል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺ እንደሆንሽ እነሱን ይዞ ከመጣ በሬን አልከፍትም ብለሻል።»

ካውያ ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እናቷ ያወጡላት ስም ካውያ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ ስለኖረች ሰፈሩም፣ ባሏም፣ አንዳንዴም እሷ ራሷ ሌላውን ስም ረስተውታል። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመኪና፣ ከመብራትና ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ የሚገባ፣ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ያገኘውን አቋራጭ ሁሉ የሚይዝ ሰው ነው። እንሽላሊት ደግሞ እሷም ብትሆን አትወድም። ግን «ድመቶቹ በሏቸው» የምትለዋ ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለቻት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዝንብ በቀር ምንም ገድለው የማያውቁ ሁለት ድመቶች ባልዋሉበት ሊወነጀሉ ነው፤ አንድ ሽማግሌም በገዛ ልጃቸው ሊዋሹ ነው። ቀስ ብላ ወደ መኝታ ቤት ተመለሰች፣ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች፣ እያንቋቋች እንደገና መጣች። «ደህና አደርሽ» አላት ባሏ ፊቷን ሳያይ። «እግዜር ይመስገን» አለችው ፊቱን ሳታይ። ስልኩ ኪሱ ገብቷል።

አማቷ ወደዚህ ቤት ከመጡ አራት ወራቸው ነው። ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ሱቃቸውን ዘጉ፤ ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ልጃቸው ዘንድ መጡ። ሲመጡ አንድ ቦርሳ፣ አንድ የመስታወት ሣጥንና በሣጥኑ ውስጥ ክንድ የሚያህሉ፣ አሸዋ የመሰሉ፣ አገጫቸው ሥር እሾሃም ጢም ያላቸው ሁለት እንሽላሊቶች ይዘው ነበር። አንዷ ሰከንድ ትባላለች፤ ትሮጣለች። ሌላዋ ደቂቃ ናት፤ እሷ ከመንቀሳቀሷ በፊት ታስባለች። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍልና አንዲት ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤቷ ተጠርጋ፣ አልጋ ገብቶባት የአባባ ክፍል ተባለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱ ሕግ አንድ ሆነ፦ የአባባ በር ይዘጋ። ሻለቃ የሚባለው ወፍራሙ ድመት እጀታ ላይ እየዘለለ በር መክፈት ስለሚያውቅ፣ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል። ጭራሮ የተባለችው ቀጭኗ ደግሞ በሩ ጣት ያህል ከተከፈተላት እንደ ውሃ ነው የምትገባው። ስለዚህ አማቷ መውጣት ሲፈልጉ ከውስጥ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ከቤቱ ሰው አንዱ ድመቶቹን ይይዛል፤ «ውጣ አባባ» ይላል፤ እሳቸውም ይወጣሉ። አንድ ጎረቤት ይሄን አይታ «ለመግባት እንጂ ለመውጣት የሚያንኳኳ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ብላ ስቃለች። ቤተሰቡም አብሮ ስቆ ነበር።

የሁሉም ነገር ጦስ የመጣው ትናንት ማታ ነው። አማቷ ለራት ሲወጡ በሩ በደንብ አልገጠመም። ተመልሰው ሲገቡ ሻለቃ ከሣጥኑ በላይ፣ አምፖሉ በተቀመጠበት የወንፊት ክዳን ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ባሏ ሮጦ ጭራውን ያዘ። እንቅልፍ ላይ ያለ ድመት ጭራ ይያዛል እንዴ? ድመቱ በርግጎ ሲዘል ስሱ ክዳን ተጣጥፎ ወደ ውስጥ ወደቀ፣ ድመቱም አብሮ። አሸዋው፣ ጩኸቱ፣ የአምፖሉ ስብርባሪ፣ የባሏ የተቧጨረ እጅ! እንሽላሊቶቹ ምንም አልሆኑም፤ የደቂቃ ጉሮሮ ግን ከድንጋጤ ብዛት እንደ ከሰል ጠቆረ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ!» አለ ባሏ ደሙን እያጠበ።  አማቷ ክዳኑን በእጃቸው አቃንተው፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው በራቸውን ዘጉ። አባትና ልጅ ተጣልተው አያውቁም። ዝም ብለው ነው የተራራቁት፤ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚያዳምጠው ነገር የለም።

ያን ጠዋት አማቷ እንደ ወትሮው ሦስት ጊዜ አንኳኩ፣ ወጡ፣ ተጣጠቡ፣ ደረቅ ዳቦ በሉ። ካውያ እንደ ወትሮው ሻይ ቀዳችላቸው። «ሻይ ይቅርብኝ ልጄ» አሏት እንደ ወትሮው። ይሄ ነገር አራት ወር ሙሉ ሲያስከፋት ኖሯል፤ ሻይዋን ነቅፎባት የሚያውቅ ሰው የለም። አማቷ ተመልሰው ገቡ፣ ቀረቀሩ። ባልና ሚስት ደረጃውን አብረው ወረዱ። ታች ሲደርሱ እሱ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ።

ላውንደሪ ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። ከፊት ደንበኛ የሚቆምበት ባንኮኒ፣ መሃል ላይ የመተኮሻ ጠረጴዛዎች፣ ከኋላ የሚያጉረመርሙ ማጠቢያ ማሽኖች። መስኮቱ ከእንፋሎቱ የተነሳ ቀንም ሌሊትም አይጠራም። ካውያ የሸሚዝ አንገት ትጀምራለች፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ እጅጌ፤ እጇ ሥራውን ስለሚያውቅ ሐሳቧ የትም ቢሄድ ግድ የለም። የዚያን ቀን ግን ሐሳቧ የሄደው ሩቅ ነበርና አንድ ነጭ ሸሚዝ ላይ ካውያውን ረስታ ሸሚዙ ለጥቂት ከመቃጠል ተረፈ። ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ አቃጥላ አታውቅም። ንገሪው፣ ትላለች ለራሷ። ሰምቼሃለሁ በይው። ከዚያስ? ይጣላሉ፣ ሽማግሌው ይሰማሉ፣ እሱ በእልህ ፊት ለፊታቸው ይወስዳቸዋል። ዝም በይ። ዝም ካለች ደግሞ እሷም የውሸቱ ባለ ድርሻ ናት፤ ድመቶቹ የእሷ ናቸውና።

በዚህ መሃል አጣቢዋ ከኋላ መጣች። ደቃቃ፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ እጇ ከቀዝቃዛ ውሃ ወጥቶ እንደ በረዶ ነበር። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሁለቱን እጆቿን ካውያ ተኩሳ ከደረደረችው አንሶላ መሃል ሰክታ ዓይኗን ጨፈነች። «ኧረ እፎይ» አለች። ካውያ አጣቢዋን እያየች ካውያዋን አቆመች። እቤት እኮ እሷ ተኩሳ ስትጨርስ፣ ገመዱን ከሶኬት ሳትነቅለው፣ ሻለቃ ጠረጴዛዋ ላይ ወጥቶ ይጋደማል! ሙቀት የት እንዳለ አፍንጫው ይነግረዋል። ትናንትም ያ ድመት እንሽላሊት ሊበላ አልነበረም የወጣው። የሚያድን ድመት ያንኮራፋል እንዴ? አምፖሉ ክዳኑን አሙቆት ነው። «ምነው?» አለች አጣቢዋ። «ድመቴ በከንቱ ታማ» አለቻት ካውያ።

ሁለተኛው ሐሳብ የመጣላት ቀና ስትል ነው። ላውንደሪ ቤት ውስጥ ሹራብ አይሰቀልም፤ በውሃው ክብደት ተስቦ ቀሚስ ይሆናል። ስለዚህ በእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ የሽቦ ወንፊት ላይ ተጋድሞ ነው የሚደርቀው፤ አየር ከላይም ከታችም ያገኘዋል። የድሮዎቹ ወንፊቶች ከማሽኖቹ ኋላ ተደግፈው አቧራ ይጠጣሉ። ሽቦው ወፍራም ነው፣ የድመት ጥፍር አይበጥሰውም። አየር ያሳልፋል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ የሰው ድምፅ ያሳልፋል። ድመት ግን አያሳልፍም።

ወደ ባለቤቲቱ ሄደች። ባለቤቲቱ ከመነጽሯ በላይ የምታይ፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ከሥራ ሰዓት የተሰረቀባት የሚመስላት ሴት ናት። «ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳትቀሪ ኖረሽ» አለቻት ነገሩን ሰምታ፣ «ዛሬ ለእንሽላሊት ብለሽ በግማሽ ቀን ልትሄጂ?»

«ለእንሽላሊት አይደለም። ለአማቴ ነው።»

ባለቤቲቱ መነጽሯን አወለቀች። «የእኔ አማት እንኳን እንሽላሊት፣ እኔንም ቤት ውስጥ አልወደደችም» አለችና በእጇ ወደ ኋላ ጠቆመች። «ሦስቱንም ወንፊት ውሰጃቸው። ነገ ግን በሰዓትሽ።»

ክፈፎቹን በገመድ አስራ ፌርማታ ስትቆም የመጣው የባሏ አውቶቡስ ሆነና ክው አለች። በወንፊቱ ፊቷን ጋረደች። ወንፊት ሰው አይደብቅም፤ ግን ባሏ በሌላኛው መስታወት አንድ ቆሻሻ ጫኝ መኪና ላይ ዓይኑን ተክሎ እየተሳደበ ነበርና አለፈ። የሚቀጥለውን ተሳፈረች። በክፈፎቹ አንዱን ተሳፋሪ ጉልበቱን ነካችው፣ ሌላዋን ኮፍያዋን አወለቀችባት፣ «ይቅርታ»ዋ አልቆ ሲያበቃ ሰፈሯ ደረሰች። ከሕንፃው ሥር ካለው የብረታ ብረት ሱቅ በአምስት ዳቦ ዋጋ ማጠፊያ፣ መንጠቆና ብሎን ገዛች። ደረጃውን እያረፈች አራተኛ ፎቅ ደረሰች።

በሩን ከፍታ ወንፊቶቹን ግድግዳው ላይ ገና ስታስደግፍ፣ ከዕቃ ቤቷ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

«ማነው የገባው?» አሉ አማቷ ከውስጥ። ድምፃቸው ተቻኩሏል። «እባካችሁ ድመቶቹን ያዙልኝ።»

ሻለቃን በአንድ ክንዷ፣ ጭራሮን በሌላው አፈፍ አደረገች። «ይውጡ አባባ፣ ይዣቸዋለሁ» አለች። በሩ ተከፈተ፤ አማቷ ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ ሊሮጡ እየቃጣቸው፣ ወደ ሽንት ቤት አለፉ። ካውያ ሁለት ድመት አቅፋ ኮሪደሩ መሃል ቆማ ቀረች። እንግዲህ አንዳንድ ነገር አለ፣ አራት ወር ሙሉ ዓይን ሥር ተቀምጦ የማይታይ፤ በአንዲት ደቂቃ ደግሞ ሁሉም በአንዴ የሚታይ። እሷና ባሏ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወጥተው አስራ አንድ ሰዓት ይመለሳሉ። በእነዚያ አሥር ሰዓታት ውስጥ ድመት የሚይዝ ሰው ቤት ውስጥ የለም። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ፣ ከእግራቸው መሃል የምትሾልክ ድመት እንዴት ያያሉ? አይወጡም። አሥር ሰዓት ሙሉ በዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። ለካ ሻይዋን ጠልተውት አልነበረም።

አማቷ ሲመለሱ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አገኟት፤ ስለማይታያቸው ግን አላወቁም። «ሻይ የማይጠጡት ለዚህ ነው?» አለቻቸው።

«ያልጠጣ ሰው አይቸገርም ልጄ» አሉ እያፈሩ። «ሲብስብኝ ደግሞ ጠርሙስ አለኝ። እናንተ አትጨነቁ ብዬ ነው።»

«ድመቶቹን ቆልፈንባቸው አንሄድም ነበር? ለምን አልነገሩንም?»

«በሰው ቤት ሁለት አውሬ ይዤ ገብቼ፣ የቤቱን ድመት ቆልፉልኝ ልበል?» አሉ። የሰው ቤት አሉት፤ የልጃቸውን ቤት። ካውያ ድመቶቹን መኝታ ቤት ቆልፋባቸው ተመለሰች። አንድ ነገር ሊነግሯት የፈለጉ መስለው አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ እጃቸው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ወንፊት ነካ። ጣታቸው ሽቦውን፣ ክፈፉን፣ የተበላውን ጥግ ዞረ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሏት።

«በር ነው» አለቻቸው። «ገና አልተሠራም እንጂ።»

ዕድሜ ልካቸውን በጣት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። አንዱ ወንፊት ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ መሃሉ በጣውላ ተያይዞ አንድ መዝጊያ ይወጣዋል። የእንጨቱ በር ቀን ቀን ክፍት ይሆናል፤ ይሄኛው ይዘጋል፤ ባልና ሚስት ሥራ ሲውሉ ደግሞ ድመቶቹ መኝታ ቤት ይቆለፋሉ። ሦስተኛው ወንፊት ለመስታወቱ ሣጥን ክዳን ይሁን። እሷ ዓይን ሆነች፣ እሳቸው እጅ ሆኑ። «ቀዳዳው ትንሽ ወደ ግራ» ትላለች፤ ካቻቢቴውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ብሎኑን እንደ ሰዓት ጥርስ ቀስ አድርገው ያስገቡታል። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ራት ላይ ማንኪያ የሚያንቀጠቅጠው ያ እጅ መሆኑን ለማመን ቸገራት። መንጠቆው ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት ሆኖ ሁለት ቦታ ይሁን አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤ «ሻለቃ የሚዘልበት እጀታ አይኑረው» አሉ። የአምፖሉን መያዣ ከክዳኑ ላይ አንስተው፣ በተሰበረው ምትክ ሌላ አምፖል ሰክተው ወደ ሣጥኑ ውስጥ አስገቡት፣ እንሽላሊቶቹ እንዳይነኩት በሽቦ ከለሉት፤ ክዳኑ ከእንግዲህ አይሞቅም። ሣጥኑን ከሚንገዳገደው ዱካ ወደ ከባዱ ጠረጴዛ አዛወሩት። ካውያ አሮጌ መጋረጃ ቀዳ የመስታወቱን ሦስት ጎን አለበሰችው፤ ድመት ባይነካቸውም ቆሞ ካፈጠጠባቸው አይበሉም አሏት። «ጭረት ብቻ እንኳ ብትሆን ለእነሱ ሞት ናት» አሏት። «የድመት ጥፍርና ምራቅ ለእነሱ መርዝ ነው። ከተነኩ በዚያው ሰዓት ሐኪም ማየት አለበት።»

«እንዲህ የሚወዷቸው ግን ለምንድን ነው አባባ?» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«ማን ወደዳቸው?» አሉ። እሷ ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። «አንድ ደንበኛ ነበረኝ። የግድግዳ ሰዓት ሊያሠራ መጣና ይሄን ሣጥን አብሮ አስቀመጠው። ‹ለሦስት ቀን መንገድ ልወጣ ነው፣ የአንተ መብራት ያሞቃቸዋል፣ አደራ› አለኝ። ያውልሽ፣ ሰባት ዓመት ሆነው። ይሙት ይዳን አላውቅም። መጀመሪያ ቀን በጨርቅ ይዤ ነው ያበላኋቸው፣ ይቀፉኝ ነበር። ግን አደራ ነው። ሰውየው ነገ መጥቶ ‹የታሉ?› ቢለኝ ምን እለዋለሁ? በስተርጅና አደራ በላ ልባል?» የሣጥኑን መስታወት ዳሰሱና «አሁንስ ወደድኳቸው መሰለኝ» አሉ ዝቅ ብለው።

ካውያ መርፌዋን ይዛ ቀረች። «ድመቶቹ በሏቸው» ቢባሉ ኖሮ እኒህ ሰው የሚያዝኑት ሁለት ቀን አልነበረም። ባሏ ይሄን አያውቅም። ጠይቆ አያውቅማ። ልትነግራቸው ፈለገች፤ ግን ከሚስት አፍ የባልን ነውር ለአባቱ መንገር እንደ ምራት ከበዳት። እስከ ማታ እንሥራው፣ ከዚያ እሱ ራሱ ይየው አለች በሆዷ።

በሩ ቆመ፤ ድመቶቹም ተለቀቁ። ካውያ አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ ተኩሳ አሙቃ ከፍሪጁ አናት ላይ አነጠፈች፤ ሻለቃ አንድ ጊዜ አሸተተ፣ ወጣ፣ ተጠቀለለ፣ የተቀረው ዓለም አበቃለት። ጭራሮ ግን በወንፊቱ ፊት ተቀምጣ ስታጠና ቆይታ፣ ሁለቱም በሥራቸው ሊኩራሩ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ራሷን በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት አስገባች፣ ሆዷን ሳበች፣ ግማሽ አካሏ ክፍሉ ውስጥ ተገኘ። ካውያ ሮጣ በማጅራቷ ስባ አወጣቻት። «ገባች?» አሉ አማቷ ደንግጠው። «ግማሿ ገብቶ ነበር» አለቻቸው። አማቷ ሳቁ። በአራት ወር ውስጥ ሲስቁ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሳቃቸው የባሏን ይመስላል። ከአሮጌ የመተኮሻ ጣውላዋ ላይ ቁራጭ ተቆርጦ ከበሩ ሥር ተመታ። ጭራሮ ደግማ ሞከረች፣ አልሆነላትም፣ ተቀይማ ሶፋ ሥር ገባች። አሥር ሰዓት ላይ የደቂቃ ጉሮሮ አሸዋማ መልኩን ይዞ ነበር፤ አንድ የሰላጣ ቅጠልም በላች። አማቷ ሻይ ጠጡ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ስኳር አብዝተው።

ባሏ ያን ቀን አምሽቶ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ባዶ ካርቶን በብብቱ ይዞ ገባ። ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ሁልጊዜ ጨለማ የሆነው ኮሪደር ከአባቱ ክፍል በሚመጣ መብራት በርቷል፤ በወንፊቱ ማዶ አባቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ካርቶኑን ወደ ኋላው አዞረ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

ካውያ ተጠግታ በሹክሹክታ «ጠዋት በባዶ እግሬ ነበርኩ» አለችው። ባሏ ገባው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ስለ ሻይው ነገረችው፣ ስለ አሥሩ ሰዓት ነገረችው፣ ስለ ጠርሙሱ ስትነግረው እጁን አንስቶ አስቆማት። ስለ አደራው ግን አልነገረችውም፤ ያን ከአባቱ አፍ ይስማ ብላ።

«ልጄ» አሉ አማቷ ከወንፊቱ ማዶ። «አትንሾካሾኩ። ሃምሳ ዓመት የሰዓት ምት ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የደከመው ዓይኔ ነው። ማድ ቤቱና እኔ ደግሞ የምንጋራው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ጠዋት ያልከውን ሰምቻለሁ።» ካውያ አፏን በእጇ ያዘች። ቀኑን ሙሉ! ብሎን ሲያስገቡ፣ ሲስቁ፣ ሻይ ሲጠጡ። «አልተቆጣሁም፤ ቤትህ ነው። በድመቶቹ ማሳበቡ ብቻ ነው ያስከፋኝ። እኔም ልሄድ ዕቃዬን ሸክፌ፣ ድመቶቹን ይዛልኝ ተሰናብቻት ልውጣ ብዬ ሚስትህን ስጠብቅ ዋልኩ። እሷ ደግሞ ወንፊት ተሸክማ መጣች። እንዴት ብዬ ልንገራት?»

«የት ልትሄድ አባባ?» አለ ባሏ። 

«እሱን ገና አላሰብኩበትም።»

ካውያ ወንፊቱን ከፍታ ገባች፣ ከአልጋው ሥር ቦርሳውን ጎትታ አወጣች፣ አልጋው ላይ ከፈተችው። ትርፍ አምፖል። በቆርቆሮ የታሸገ ትል። ትንሽ ቴርሞሜትር። ወረንጦ። የውሃ ሳህን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ። እንሽላሊቶቹ የሚተኙበት ቁራጭ ፎጣ፣ ታጥቦ፣ ታጥፎ። እጇን እስከ ታች ሰደደች፤ ሌላ ነገር የለም።

«የአንተ ልብስስ?» አለ ባሏ ከውጭ ሆኖ።

«ቦታ አልበቃም» አሉ አማቷ።

ባሏ ካርቶኑን መሬት ላይ ጣለው። ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስደገፈበት፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ካውያ አየችው፣ አባቱም ሽቦው ሲርገበገብ ሰሙት።   ትንሽ ቆይቶ ፊቱን በእጅጌው ጠራርጎ ገባ፣ ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ ወረንጦዋን አነሳና በእጁ አገላበጣት። «ይቅር በለኝ» አለ። ቀጥሎም «ይሄ ለምንድን ነው?» አለ።

«ትሉን የማቀብላቸው በእሱ ነው። ሰከንድ ተስገብጋባ ናት፣ ጣት ትይዛለች።»

«እስኪ እኔ ልስጣት። አሳየኝ።»

አማቷ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። ቦርሳውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት፣ ወረንጦዋን ከእጁ ተቀበሉት። «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አሉት፣ ልክ ሰባት ዓመቱ እንደሆነ። «በሳሙና። መሪ ስትይዝ የዋልክበት እጅ ነው።»

ሹፌሩ ተነሳ። ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አይቶ ድመት አለመኖሩን አረጋገጠ፣ ወጣ፣ ላይኛውንም ታችኛውንም መንጠቆ አንድ በአንድ አንጠለጠለ፣ ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሄደ።